አመድ የለበሰ ገብስ

«የሰው ደጅ እያንኳኳሽ አመድ ልትለምኚ? የእኔ ሚስት?» አለ አባዬ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጎ።

«አልለምንም። ሰው የሚደፋውን ነው የምጠይቀው» አለች እማዬ፣ ባዶ ጆንያዎቿን እያጣጠፈች።

«ዛሬ ቢሮ ስገባ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? ደሞዙ አልበቃ ብሎት ሚስቱን ለአመድ አሰማራት ነው የሚባለው!»

«ይባላ! ገብሴን ትል እየላጠው፣ የቢሮ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ልቀመጥ?»

ዛሬም ዝናብ የከሰል ምድጃ ላይ ጠብ ሲል፣ ያ የእርጥብ አመድ ሽታ ይነሳና የሱሉልታውን የነሐሴ ማለዳ ከነጭቅጭቁ ይዞብኝ ይመጣል። አባዬ ከከተማው መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሱሪውን ማታ በውኃ ረጭቶ ፍራሽ ሥር እያስተኛ፣ ጠዋት እንደ ቢላ የተሳለ መስመር ይዞ ይወጣ ነበር። ቤታችን ውስጥ ከዚያ መስመር በላይ የሚከበር ነገር አልነበረም።

ገብሱ የእማዬ ነበር። አባቷ ትተውላት ያለፉት፣ ከከተማው ጫፍ ያለ ጠባብ ማሳ ነው። ታላቅ ወንድሟ ኦቦ ለሚ ሰኔ ላይ በበሬዎቹ ያርስላት ነበር፤ አረሙና ጥበቃው የእኛ ነበር። የቀደመውን ዓመት ሰብል ውርጭ መትቶት ስለነበር፣ በዚያ ዓመት ዘሩን ዘርቶ ሲጨርስ ሞፈሩን ትከሻው ላይ አደረገና፣ «እህቴ፣ ዘንድሮም ባዶ ከሆነ ለሚጠብቀው ሰው እሰጠዋለሁ። የአባታችን መሬት መቀለጃ አይደለም» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ በየማለዳው ማሳው ላይ ነበረች።

ሐምሌ ሲገባ ጥንዚዛው መጣ። ከገብስ ፍሬ አይበልጥም፣ ጀርባው እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጫል፤ እኔ እንዲያውም ወድጄው በክብሪት ቀፎ ውስጥ አኑሬው ነበር። ጉዱ ልጁ ነው። ነሐሴ ላይ ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል፣ የራሱን ኩስ ጀርባው ላይ ቆልሎ፣ እንደ ካፖርት ደርቦት የሚዞር ፍጥረት ነው። ከዚህ የባሰ ውርደት እስካሁን አላየሁም። አንበጣ እንኳ ሲመጣ ሰማዩን አጨልሞ፣ አገር አስጩሆ ነው፤ ይህኛው ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ፣ አረንጓዴውን ብቻ በመስመር በመስመር እየላጠ፣ ነጩን ገለፈት ትቶ ወደ ሌላው ይሳባል። ሥር ለመንቀል አቅም የለው፣ ፍሬ ለመስረቅ ወኔ የለው። ከሩቅ ሲያዩት ማሳው የሸበተ ይመስል ነበር።

እማዬ ስትነግረው አባዬ አላመነም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መስመር ያለው ሱሪውን እንደለበሰ መጣና፣ በገብሱ መሐል ሰንጥቆ አለፈ፤ ሳይጎነበስ፣ አንድ ቅጠል ሳይነካ፣ ጣቱን ወደ ማሳው ቀስሮ፣ «ውርጭ ነው!» ብሎ ፈረደ። ሲወጣ ከጉልበቱ በታች ያለው ሱሪ በሙሉ ቡናማ ልጋግ ተለቅልቋል። የትሎቹ ካፖርት ነዋ! መንገድ ላይ ጎረቤት፣ «ምን ነካዎት ጋሼ?» ሲለው፣ «የመኪና ግራሶ ነው» አለ። ብስክሌት እንኳ አልነበረንም።

እማዬ ልጅ ሳለች እናቷ ትል የበላውን ጎመን አመድ ሲነሰንሱበት አይታ ነበር። ለገብስ ይሥራ አይሥራ አታውቅም፤ ሌላ የምታደርገው ግን አልነበራትም። ችግሩ፣ ከተማው ኤሌክትሪክ ምድጃ ለምዶ አመድ የሚገኘው ከጥቂት ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ማለዳ አባዬ እየጮኸ ጥለነው ወጣንና፣ እሷ ትልቁን ጆንያ እኔ ትንሹን ይዘን፣ «ማሎ፣ እባካችሁ፣ አመድ ካላችሁ» እያልን በር ለበር ዞርን። በእንጨት የሚጋግረው ዳቦ ቤት ሰጠን። የጨርቅ ነጋዴው ሚስት እትዬ ዘሃራ፣ «ለእህል ነው አይደል የእኔ እህት?» ብላ ከሰሉን ራሷ ለቅማ አውጥታ ሞላችልን። የአባዬ አለቃ ሚስት ግን በሯን ገርበብ አድርጋ፣ «ምነው፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠፋ እንዴ?» አለችና ሳቀች። እማዬም፣ «ሳሙናውን እናንተ ጨረሳችሁት» ብላት ዞረች።

አስፋልቱን ልንሻገር ስንል አባዬ ከባልደረቦቹ ጋር ከፊት ለፊታችን ይመጣ ነበር። እኛን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ መድኃኒት ቤቱ አዞረና፣ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንገቱን አስግጎ ማንበብ ጀመረ። ማስታወቂያው የሕፃናት ዳይፐር ነበር።

በነጋታው ጤዛው ሳይረግፍ አመዱን በወንፊት እየነፋን በተንን። ልጋጉ አመዱን ይዞ ያስቀር ነበርና ትሎቹ ዱቄት ውስጥ የተንከባለሉ መሰሉ፤ እጃችን ተሰነጣጠቀ፣ ዓይናችን ቀላ፣ በማግሥቱም ተመልሰን ሄድን። ወዲያው ደግሞ ቀን ከሌት የማያባራ ዶፍ ጣለ። ትሉን አመዱ ይግደለው ዝናቡ ይጠበው ዛሬም አላውቅም። ብቻ መስከረም ሲጠባ ገብሱ አዲስ ቅጠል አወጣ፤ ኅዳር ላይ ሲታጨድ እንደ ደጉ ዘመን ባይሆንም ጎተራ ገባ። ኦቦ ለሚ ነዶውን በእጁ መዘነና፣ «ኤዬ፣ እሺ፣ ለከርሞም ያንቺው ነው» አላት። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆየች።

ዛሬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ማሳው የብሎኬት አጥር ገብቶበታል፣ ገብስ በፌስታል ነው የምንገዛው፣ አባዬም ጡረታ ወጥቶ ሱሪው መስመሩን ለቋል። ባለፈው ቅዳሜ ከታችኛው ፎቅ አንድ ወጣት ጎረቤት ሊጠይቀው መጥቶ፣ ወሬው ከእህል ውድነት ወደ ትልና ተባይ ሲዞር፣ አባዬ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«እኔ ሱሉልታ እያለሁ» አለ፣ «ማሳዬን ትል ጨረሰው። ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ፣ አመድ በጆንያ ሰብስቤ በገዛ እጄ በተንኩበት። ንቀት አይበግረኝም!»

«ጎበዝ ነበሩ ጋሼ!» አለ ልጁ።

እማዬን አየኋት። ምስር እየለቀመች ነበር። ያኔ ሲጮህባት ቃል በቃል ትመልስለት ነበር፤ እኔም ያቺን ሴት ጠበቅኩ። እሷ ግን ሰፌዱን አስቀምጣ፣ የእንግዳውን ብርጭቆ ሞላችለት፣ ነጠላዋን አጣፋች።

«ወዴት ነው?» አላት አባዬ።

ቅጠል ላይ እንደተለጠፈ ትል አንዴ አየችው። ከዚያ ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።