የአልቃሿ ከንፈር

አስካለ ማርያም በቡሬ ዙሪያ ያላስለቀሰችበት ቀብር የለም ማለት ይቻላል። ሙሾ አውራጅ ናት። የሟችን ዕድሜ ሙሉ በሁለት ስንኝ ቋጥራ ልበ ደንዳናውን ሳይቀር ታንሰቀስቃለች። «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» እያሉ ያሟታል፤ ሐዘን ሲገባባቸው ግን ቀድመው የሚልኩባት እነዚያው ሐሜተኞች ናቸው።

ታናሽ እህቷ ሰብለ መካን ነበረች። የመካንን ስም ማን ያነሳል? የታመመች ሰሞን እጇን ይዛ፣ «እታለም፣ ልጅ የለኝም። አንቺ ካላወረድሽልኝ ማን ኖራ ነበር ይለኛል?» አለቻት። አስካለ ማርያም በእመቤታችን ማለችላት።

ያን ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳትን መንጋጋዋን ፍኖተ ሰላም ሄዳ አስነቀለች። ሐኪሙ በመርፌ አደንዝዞ ነቀለና፣ «ድንዛዜው እስኪለቅዎት እህል እንዳይቀምሱ፤ ከንፈርዎን ይነክሱታል» አላት። ከደጃፉ ሳትርቅ የሰብለ ባል ላቀው ደወለ። «ሰብለ ሕመሙ በርትቶባታል፤ ቶሎ ይምጡ» አለ። ወይ ላቀው! ይህ ዘዴ ለሌላ ሰው በሆነ። ስንቱን መርዶ የምታውቅ ሴት፣ ስልኩን እንደያዘች መንገዱ ዳር ቁጭ አለች።

ሚኒባሱ ሲያደርሳት አስከሬኑ ወጥቶ ነበር። ለቀስተኛው እሷን ሲያይ መንገድ ከፈተላት፤ ስታወርድ የነበረችው ሌላዋ አልቃሽ እንኳ ዝም አለች። ግጥሙ በልቧ ተሰናድቷል። አፏን ከፈተች። የታችኛው ከንፈሯ ግን የሷ አልነበረም። የእህቷን ስም እንኳ መጥራት አቃታት፤ የሚወጣው ጉልድፍድፍ ያለ ድምፅና ለሐጭ ብቻ ሆነ። አፍራ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ጥርሴን ነው ለማለት ጣቷን ወደ ጉንጯ ብትሰድ፣ ፊቷን ልትነጭ ነው ብለው ሁለት ሴቶች እጇን ጥርቅም አድርገው ያዟት። ሕዝቡ ጠበቀ፣ ጠበቀ። ኋላ ያችኛዋ፣ ሰብለን በወጉ የማታውቃት፣ ለማንም የሚሆን ግጥም አወረደችና ሰብለ ተቀበረች።

ከቀብር መልስ ንፍሮ በእፍኝ ሰጧት። የሐኪሙ ቃል ከሐሳቧ ጠፍቶ ዝም ብላ አላመጠች። ነጠላዋ ላይ የሚንጠባጠበውን ደም ቀድመው ያዩት ሌሎቹ ናቸው።

«እናንተ! ሐዘኑ ከንፈሯን አስበላት!» አለች አንዷ።

«እህት እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ሌሎቹ።

እሷ ምንም አልተሰማትም። ምንም! በዚህ ሙገሳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አመሻሽ ላይ ድንዛዜው ለቀቃት። የጥርሱም የከንፈሩም ሕመም ተባብሮ መጣባት፤ ቃሉም አብሮ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከላቀው በቀር ሰው አልቀረም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወረደችው፦

ማኅፀኗ ሳይወልድ ስንቱን አሳደገች፣
ዛሬ አገሩን ሁሉ የሙት ልጅ አረገች።

ላቀው ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ሲበቃው ቀና አለና፣ «እትዬ፣ ለካ ነበረዎት!» አለ። «እኔ እኮ እህትዎን የነፈጓት መስሎኝ ስቀየምዎት ዋልሁ። ምነው ሰው ሳይበተን ቢሉት?»

ስለ ጥርሷ ልትነግረው ጀመረች፤ አሁን አፏ ይታዘዝላት ነበር። ግን ለሰብለ ምን ሊፈይድላት ብላ ተወችው።