በቦቴ የመጣ ቅዱስ ውሃ

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሯ» ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ቦት ጫማዋን ተጫምታ፣ ወንዙ ውስጥ ወደተተከለው ቁጥር የተጻፈበት ብረት ትወርዳለች፤ ውሃው የት እንደደረሰ አንብባ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

ወንዙ ቅዱስ ነው። ሰው ከሩቅ መጥቶ ይነከርበታል፤ ለታመመ ዘመዱም በጄሪካን ቀድቶ ይወስዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይኼኛው ግን እያሳሳቀን እሱው ሄደ። ዝናቡ ወሩን ሳተ፣ ሙቀቱ ከዓመት ዓመት ባሰበት፣ ውሃውም ከብረቱ ወገብ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወረደ።

የውሃ ቢሮው ኃላፊ፣ ያ ከራሱ በፊት ሆዱ በር የሚገባለት ሰውዬ፣ አክስቴ ውሃው መቀነሱን ብትነግረው በጄ አላለም።

«ቅዱስ ወንዝ አይደርቅም! ብረትሽ ነው የተጣመመው» አላት። አስነቅሎም ጎድጓዳው ቦታ ላይ አስተከለው። በማግስቱ ቁጥሩ ከፍ አለ፤ እሱም ተመሰገነ። አክስቴ ግን «ውሃው አልጨመረም፤ ብረቱ ወረደ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚመክሩ ትልልቅ ሰዎች ወንዙን ሊጎበኙ ነው ተባለ። አጥሩ ቀለም ተቀባ። «ቅዱሱን ወንዛችንን እንታደግ» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። እንግዶቹ ሳይደርሱ ሁለት ቦቴ የቧንቧ ውሃ መጥቶ መነከሪያው ላይ ተገለበጠ። አይ ቅድስና! በጎማ እየተንከባለለ መጣ።

እንግዶቹ ፎቶ ሲነሱ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ጄሪካኑን መሙላት ጀመረ። አሸተተውና ወደ አክስቴ ዞረ።

«እህቴ፣ ለባለቤቴ ነው፤ ሁለት ቀን ተጉዤ ነው የመጣሁት። ድሮም እንዲህ የክሎሪን ሽታ ነበረው እንዴ?»

ኃላፊው ዓይኑን አፈጠጠባት።

«አልነበረውም፣ ወንድምዓለም» አለች ጮክ ብላ። «የቧንቧ ውሃ ነው። ጠዋት በቦቴ ሲገለብጡት ቆሜ አይቻለሁ።»

ካሜራው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ኃላፊው ላብ እያጠመቀው «ሴትዮዋን ነካ ያደርጋታል!» አለ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ስለካልዎት ጤነኛ ነበርኩ፤ ዛሬ ሳነብልዎት ነው ያበድኩት?»

ትታቸው ሄደች። ሽማግሌውን ይዛ ሁለት ሰዓት በእግር ወጥተው ወንዙ የሚነሳበት ምንጭ ጋ ደረሱ። ውሃው እንደ ጣት ቀጥኖ ይወርዳል። ሽማግሌው ጄሪካኑን ግማሽ አድርሶ ከደነው።

«ሙላው እንጂ!» አለችው።

«ይብቃኝ። ከኋላዬ ሌላ የታመመበት ይመጣል።»

አክስቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለወንዙ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው።

በሳምንቱ እሷ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች። ኃላፊው «ለወንዙ ጥበቃ ላበረከተው አስተዋጽኦ» ሽልማትና ዕድገት አገኘ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተቀበለ።

አሁን በዕረፍት ቀኗ መንገደኞችን እየመራች ወደ ምንጩ ትወጣለች። ባለፈው አብሬያት ሄጄ ነበር። አንዲት ጄሪካን ለመሙላት አርባ ደቂቃ ፈጀብን፤ ከኋላችን ሰባት ሰው ተሰልፎ ነበር።