እስከ ፋሲካ የረዘመው የገና ጾም

ባለፈው ሳምንት ጎንደር የወጣሁት ልጄን ልለምን ነበር። ፋሲካ ትባላለች። ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ዘንድሮ ትጨርሳለች። ጥር ላይ ልንድራት ሽማግሌ ተቀብለን፣ ቃል ሰጥተን፣ ጌሾው ሳይቀር ተወቅጦ፣ «ልጁ ተመርምሮ ወረቀቱን ካላሳየኝ ሠርጉ ይቅር» ማለቷን ሰማን። ልጁ ተቀየመ። ዘመድ ተቆጣ። ባሌ ሙላት ብቻ ክፉም ደግም ሳይናገር ቆይቶ፣ «ሂጅና አነጋግሪያት» አለኝ።

ከእንፍራንዝ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ የምላትን እየደረደርኩ ሄድኩ። ኅዳር ነው፤ ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፣ አየሩ የገለባ ሽታ አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሠርጉ ቢፈርስስ እላለሁ። ሰው «ምን ተገኝቶባት ነው» ቢልስ እላለሁ። ደግሞ መለስ ብዬ፣ ልጁ የእውነት ታሞ ቢሆንስ እላለሁ። ሠርጉ ቢቀርም ፈራሁ፣ ባይቀርም ፈራሁ።

ፋሲካ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ሳልቀምስ ጀመርኩ።

«ልጄ፣ ምነው ሰው ፊት አዋረድሽን?»

ተነሥታ ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ማኅተሙን እንጂ የእንግሊዝኛ ጽሑፉን አልለየሁትም። የሐኪም ወረቀት መሆኑን ሳውቅ «ምን ሆነሽ?» ብዬ ጮህኩ።

«አትደንግጭ እማ፣ ደህና ነኝ። መጀመሪያ እኔ ተመርምሬ የኔን አሳየሁት። የሱን አሳየኝ ነው ያልኩት። ምኑ ላይ ነው ውርደቱ?»

በሃያ ዓመቴ ይህንኑ ቃል ራሴ ተናግሬው ነበር። ለልጄ ግን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

ሙላትን ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ልጅ ገና አልወለድንም። መስቀል ካለፈ በኋላ የሰፈሩ ጎልማሳ ሁሉ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላው፣ ወደ ሳንጃ ሲወርድ እሱም አብሮ ወረደ። በፊተኛው ዓመት ጎረቤታችን የሺ ሞታ ነበር። ባሏ ቆላ ከርሞ መጣ፤ እሱ ታሞ ቀደመ፣ እሷ ተከተለች። ያን ጊዜ መድኃኒቱ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ውኃ ላጠጣት ስገባ ብርድ ልብሱ ውስጥ እንደ ሕፃን አንሳ አያታለሁ። ከደጇ ርቃ የማታውቅ ሴት ናት። በገበያ ቀን ተማሪዎች ስለ ኤድስ በድምፅ ማጉያ ድራማ ሲያሳዩ ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ሳቁ አይመጣልኝም ነበር።

ሙላት የገና ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰ። ከስቷል፣ ጠቁሯል። ትከሻው ላይ ግማሽ ስልቻ ሰሊጥ፣ ለኔ ደግሞ ጥለቱ ቀይ የሆነ ነጠላ ይዟል። ናፍቆኝ ነበር፤ ይህን ለምን እደብቃለሁ? እግሩን ሳጥበው እጄ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቆየ። ወዲያው የሺ ትዝ አለችኝ። ሁለቱን ቀን በወር አበባዬ አሳበብኩ። በሦስተኛው ቀን ጾመኛ ሆንኩ።

«የገና ጾም የቄስና የባልቴት አይደል እንዴ? አንች ከመቼ ወዲህ ነው?» አለኝ።

«ተስዬ ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«በደህና እንድትመለስ።»

ምን ይበል?

እናቱ ከእኛው ግቢ ነበር የሚኖሩት። ውኃ ልትቀዳ ላለፈች ሁሉ «ምራቴ እኮ መነኩሲት ናት!» ይላሉ። ያመጣውን ሰሊጥ ቆልቼ፣ ወቅጬ ፍትፍት አደርገዋለሁ፤ ቤቱ በሰሊጥ ሽታ ታወደ። እሱ እየጎረሰ ዓይን ዓይኔን ያያል። ቀኑን እኔም እቆጥራለሁ፣ እሱም ይቆጥራል። እኔ ድፍረት እያጠራቀምኩ ነበር። አንዲት ምራት ባሏን «ተመርመር» ስትል እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ በምን ቃል እንደሚባል እንኳ አላውቅም ነበር።

ገና ደረሰ፣ ዶሮ ታረደ። ሙላት ከገና ጨዋታው ሜዳ አቧራ ለብሶ እየሳቀ መጣና «እንግዲህ ጾሙ ተፈታ» አለኝ።

«የሌላው ሰው ተፈቷል» አልኩት። «የኔ የሚፈታው ጤና ጣቢያ ወርደን፣ ሁለታችንም ደም ሰጥተን ስንመለስ ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«እኔን ነው? የአገር መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው? የአባትሽ ቤት መንገድ ጠፍቶሻል?»

«አልጠፋኝም። በእግሬ እገባለሁ። የሺ ከቤቷ የወጣችው በቃሬዛ ነው።»

ይህን ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም ይገርመኛል።

እናቱ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ሙላት እናቴ ታግዘኛለች ብሎ አንዱንም ሳያስቀር ነገራቸው። አለቀልኝ አልኩ፤ ልብሴን የምቋጥርበትን ጨርቅ በዓይኔ እፈልግ ጀመር። እሳቸው ግን ወደኔ አልዞሩም።

«ሙላት፣ ሳንጃ ሴት ዘንድ ሄደሃል?»

«ጓደኞቼ . . .»

«ጓደኞችህን አልጠየቅሁም።»

መሬት መሬት ያይ ጀመር። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና አሁን እኔን አዩኝ። «አንች ተንኮለኛ፣ እኔ እኮ የእውነት መነኮሰች ብዬ አገር ለአገር አወራሁ!» አሉ። ከዚያ ሳቁ ጠፋባቸውና፣ «በበዓሉ ማግስት አብራችሁ ውረዱ» ብለው ወጡ።

ሁለት ሰዓት በእግር ወረድን። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የፈራሁት በሽታ አልተገኘበትም። ቂጥኝ ግን ተገኘበት። እኔ ነፃ ነበርኩ። ነርሷ በሳምንት አንድ መርፌ ለሦስት ሳምንት እንዲወጋ፣ ለፈራሁት በሽታ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ዳግመኛ እንድንመረመር ነገረችን። ወደኔ ዞራ፣ «ይዞሽ አርግዘሽ ቢሆን ኖሮ ጽንሱንም ይጎዳ ነበር። እንኳን ቀድመሽ መጣሽ» አለችኝ።

ስንመለስ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ አለቀሰ፤ ይቅር በይኝ አለኝ። ያን ቀን ይቅር አላልኩትም። እንዲያው በአንድ ጊዜ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሳላስታውሰው በየሳምንቱ ያን ሁሉ መንገድ ለመርፌ ሲወርድ ሳይ ነው ልቤ ቀስ እያለ የላላው። ሁለተኛውን ምርመራ ስንጠብቅ ሁዳዴ ገባ። ጾም የማያውቀው ሰውዬ «አሁንስ ዋናው ጾመኛ እኔ ሆንኩ» እያለ ያስቀኝ ጀመር። ለእናቱ ሳይቀር ሰሊጥ ይወቅጥ ነበር። በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ዳግመኛ ደም ሰጠን። ሁለታችንም ደህና።

ይህን ሁሉ ለፋሲካ ስነግራት ሽሮው ቀዘቀዘ። ወረቀቱን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና፣ «እኔ የጥምቀት ሰሞን ተወልጄ ለምን ፋሲካ እንዳላችሁኝ ስጠይቅ፣ አባዬ የሚስቀው ለዚህ ነው?» አለችኝ።

«ለዚህ ነው። እንቢ ብዬ ያገኘሁሽ ልጅ ነሽ።»

እንዲህ እያልን ሙላት ደወለ።

«እሺ አለች?»

«አላለችም። ነገርኳት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እሷን ስጭኝ» አለ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ ግን ግድግዳው ላይ አፍጥጣ፣ «አይ አባዬ፣ አላፈርኩብህም» ስትል ሰማሁ።

ልለምናት ሄጄ ሳልለምናት ተመለስኩ። ልጁ ወረቀቱን ያምጣ፣ ጥሏት ይሂድ፣ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አላወቅንም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሮጬ አነሣለሁ። የተወቀጠው ጌሾ ጓዳ ተቀምጧል። ሴቶቹ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከበው «ልጅሽ ምን አለች?» ሲሉኝ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ እንደ አማቴ ቀና ብዬ፣ «እንቢ አለች» እላቸዋለሁ።