ቤንዚኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ

ሚስቴ አታውቀውም። የንስሐ አባቴም አያውቁም። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ፊታቸው ተንበርክኬ የሻርኩትን ጾም፣ የተጣላሁትን ጎረቤት ስናገር ይችን አንዷን እዘላታለሁ። ስለ ሞተር ሳይክል ካርቡራተር ለቄስ ምን ተብሎ ይነገራል? እያልኩ ራሴን ስሸነግል አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ነገሩ የካርቡራተር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ያህል ባልተሸከምኩት።

ያኔ ከሆሳዕና ወጣ ባለች አንዲት ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። ጋሽ ሀንዲሶም እንደኔው ባለሙያ ነው። በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ የዱራሜ አካባቢ ሰው፣ አማርኛን ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየመረጠ የሚናገር። እሁድ እሁድ በሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑን የሚመራው እሱ ነበር። ቢሮ ውስጥም ወረቀት እየሞላ ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉራል።

መሥሪያ ቤቱ ለሁለታችን በአንድ ቀን ሁለት አንድ ዓይነት ሞተር ሰጠን፤ ጭቃና ዳገት የሚችሉ፣ ጎማቸው ጥርሳም። ጋሽ ሀንዲሶ ማታ ከመግባቱ በፊት የሱን በጨርቅ ይወለውላል። እኔ የኔን ነድቼ እጥላለሁ። በሁለተኛው ዓመት የኔው ቤንዚን ማፍሰስ ጀመረ።

ካርቡራተር ማለት ቤንዚን ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ከአየር ጋር የሚቀላቀልባት፣ ጡጫ የምታህል ዕቃ ናት። ውስጧ በበቂ ሲሞላ ቤንዚኑን የምትዘጋ ቀጭን መርፌ አለች። የኔዋ መርፌ ጫፏ ተበልቶ መዝጋት አቃታት። ሱሪዬ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ቤንዚኑ መንገድ ላይ እያለቀብኝ ስንት ዳገት ገፋሁ። ሆሳዕና ወስጄ ያሳየሁት መካኒክ፣ «መርፌዋን ቀይራት፤ ሌላ መድኃኒት የላትም» አለኝ። መርፌዋ ግን በከተማው የለችም። ቢሮውን ስጠይቅ «ይመጣል» አሉኝ። ሁለት ወር ጠበቅሁ።

በዚያ መሃል የጋሽ ሀንዲሶ አባት ሞቱ። ሐሙስ ዕለት ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ለቅሶ ደረስኩ። አቅፌው አለቀስኩ፤ እንባዬ የውሸት አልነበረም። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ግን፣ እሱ ገና ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ፣ ጥበቃውን «ሞተሬን ላጥብ» ብዬ ሞተሮቻችን የሚያድሩበትን መጋዘን ቁልፍ ተቀበልኩ። ጥበቃው ምሳ ሄደ። በአንድ ካቻቢቴና በአንድ የብሎን መፍቻ የሱን ካርቡራተር ፈታሁ፣ የኔን ፈታሁ፣ አቀያየርኳቸው። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። የሱ እንደ አዲስ ንጹሕ ነበር።

ዕቃው ሲመጣ እመልስለታለሁ ብዬ ነበር። ለምን ይህን እንደምነግራችሁ አላውቅም። ምናልባት ገና እንዲታዘንልኝ እፈልግ ይሆናል። ልመልስ ያሰብኩት እኔ፣ ለምን ቀድሜ አልጠየቅሁትም? ቢለምኑት ሞተሩን እንዳለ የሚያውስ ሰው አልነበረም?

ከለቅሶ ተመልሶ ሦስት ሳምንት ያህል እንደሠራ ወደኔ መጣ።

«ጌታነህ፣ ያንተ እጅ ሞተር ያውቃል። እስኪ የኔን እይልኝ» አለ። «ቤንዚን ይጠጣል። ወንዙ ጋ ሳልደርስ ያልቃል።»

ግቢው ውስጥ ተንበርክኬ ፈታሁት። መዳፌ ላይ ያረፈችው የራሴ መርፌ ናት፤ ጫፏ የተበላው። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ሁለታችንም ስቀን ባለፍነው ነበር። አልተናገርኩም። ጠራርጌ መልሼ ገጠምኳት።

«ቆሻሻ ነው፣ ጋሽ ሀንዲሶ። አሁን ደህና ነው።»

«ጌታ ይባርክህ፣ ወንድሜ» አለኝ።

ቆሻሻ አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ኃላፊያችን ሁለታችንንም ጠሩን። ሞተሩ አንድ ዓይነት፣ መንገዱ አንድ ዓይነት ሆኖ ጋሽ ሀንዲሶ የኔን እጥፍ ቤንዚን ለምን ይወስዳል? ቤንዚኑን ይሸጠዋል የሚል ወሬ ቢሮ ውስጥ ቀድሞ ተነስቶ ነበር። ወሬውን ያስነሳሁት እኔ አይደለሁም። ሲወራ ግን ቆሜ ሰምቻለሁ።

«ይፈሳል» አለ ጋሽ ሀንዲሶ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ መሬት ላይ ነው የሚፈሰው።»

«እንግዲያው እንየው» አሉ ኃላፊው። «ጌታነህ፣ አንተ አስነሳው።»

አምስት ሰዎች ሞተሩን ከበን ቆምን። ይህንንም ልጻፈው። ከታንከሩ ሥር ቤንዚኑን የሚዘጋና የሚከፍት ትንሽ መዝጊያ አለ። የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩና በአውራ ጣቴ አዞርኩት። ዘጋሁት። ካርቡራተሯ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ እንደሚያሠራው፣ ከላይ ካልመጣ ደግሞ አንዲት ጠብታ እንደማይፈስ አውቃለሁ። እዚያ ከቆሙት ሰዎች ሁሉ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አስነሳሁት። ሁሉም ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። መሬቱ ደረቅ ነው። ቤንዚኑ አልቆ ሳይጠፋብኝ አጠፋሁት።

«ይፈሳል?» አሉኝ ኃላፊው።

«አይፈስም» አልኩ።

ጋሽ ሀንዲሶ እኔን አላየኝም። ደረቁን መሬት ነበር የሚያየው። «ጠዋት ይፈስ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አንዱ ከኋላዬ ሳቀ።

ሞተሩን ቀሙት፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሰጡት። ከዚያ በኋላ የክትባቱን ሣጥን በትከሻው አንግቶ ሩቅ ቀበሌ በእግሩ ይሄድ ጀመር። እኔ በሱ ካርቡራተር መንገድ ላይ አልፈዋለሁ። አንዳንዴ ቆሜ ከኋላ አፈናጥጠዋለሁ፤ ያመሰግነኛል። ወሬው ቤተ ክርስቲያኑም ደረሰ፤ ሽማግሌዎቹ ነገሩ እስኪጣራ ከመዝሙር አገልግሎት እንዲቆጠብ ነገሩት። ማን ያጣራዋል? ቢሮ ውስጥ ማንጎራጎሩን ተወ። በዓመቱ ዝውውር ጠይቆ ወደ ከምባታ ሄደ።

መርፌዋ እሱ ከሄደ በኋላ መጣች። መጋዘን ገብቼ ከሱ በተቀማው ሞተር ላይ ቀየርኳት፤ ዐሥር ደቂቃ ሥራ ናት። መፍሰሱ ቆመ። የተበላችውን ወንዝ ውስጥ ወረወርኳት። ያን ዕለት ያጠፋሁት የመጨረሻውን ምስክር እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

አምና ወደ ሶዶ ስሄድ መኪናችን ከምባታ ውስጥ አዲሎ ላይ ለምሳ ቆመ። ከኋላዬ ስሜን የሚጠራ ሰማሁ። ጋሽ ሀንዲሶ ነው፤ ጠጉሩ ነጭ በነጭ ሆኗል። የመንግሥት ሥራ ትቶ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከፍቷል። እጄን ይዞ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ቤቱ ወሰደኝ፤ ሚስቱ ቆጮና አይብ አቀረበች።

«ይኸ ጌታነህ ነው» አላት። «ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ሞተሬን ፈትቶ ያየልኝ እሱ ብቻ ነው። ከመንገድም አንስቶኝ ያውቃል።»

ሴትዮዋ እጄን በሁለት እጇ ይዛ መረቀችኝ።

«ትዘምራለህ አሁን?» አልኩት።

«አይ» አለ። «የዚህ ሽማግሌዎች ከድሮው ቤተ ክርስቲያንህ ንጹሕ ነው የሚል ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። ማን ይጽፍልኛል? ከኋላ ተቀምጬ እሰማለሁ።» ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምሬት ፈልጌ አጣሁ። ቢማረር ይቀለኝ ነበር።

ያን ጊዜም አልተናገርኩም። የመኪናው ጡሩምባ ሲነፋ ደስ አለኝ።

ስልኩን ሰጥቶኛል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ልነግረው ቆርጬ። ቶሎ ያነሳዋል። «ጌታነህ! ደህና ነህ ወይ? ቤተሰብ ሰላም?» ይለኛል። እኔም ዝናቡ እንዴት ነው እለዋለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ይነግረኛል፤ መርቆኝ ይዘጋል።

አንባቢዬ፣ ይቅር በለኝ ብዬ አላስቸግርህም። ሣጥን ተሸክመህ ዳገቱን የወጣኸው አንተ አይደለህም፤ ከመዝሙርም የተከለከልከው አንተ አይደለህም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ቢሮው ዕቃ አዘግይቶብኝ ነው አልልም። ቤንዚኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ። «አይፈስም» ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ደብዳቤ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በአዲሎዎቹ ሽማግሌዎች ፊት ላነበው እችላለሁ፤ ከሆሳዕና አዲሎ ግማሽ ቀን አይፈጅም። እስከ ዛሬ ያልሄድኩት መንገዱ ርቆኝ አይደለም።