አባዬ በማጅራቱ የተሸከመው ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ የአባዬን ጋራዥ ባዶ ስናደርግ፣ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው ለስንት ዘመን ደግፎ የኖረውን ጥቁር ድንጋይ ሳነሣ ከሥሩ የእርጥብ አፈርና የሣር ሽታ አፍንጫዬን አወደው። ሰሞኑን ሲዘንብ ከርሟል። አባዬ እዚህ አውስትራሊያ የኖረበትን የሰንሻይን ዌስቱን ቤት ለቆ ክሬጊበርን እኔ ዘንድ ሊገባ ስለሆነ፣ ከጠዋት ጀምሮ "ይሄ ይጣል? ይሄስ?" እያልኩ ስነዘንዘው ነበር፤ ድንጋዩን እንደያዝኩ ግን መጠየቁን ረሳሁት። ሽታው ወደ ልጅነቴ የጨዋታ ሜዳ መለሰኝና ፊቴ ጋለ። ልጆች ያሳደግኩ፣ ጸጉሬ መሸበት የጀመረ ሴትዮ፣ ጋራዥ መሀል ቆሜ እንደ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አፈርኩ።

ይህ ጋራዥ መኪና ገብቶበት አያውቅም። እሑድ ከሰዓት በኋላ አባዬና ወዳጆቹ የወተት ሣጥን እየገለበጡ ይቀመጡበትና ስለ አይሪሾች እግር ኳስ ይጨቃጨቁበት ነበር። አዎ፣ ስለ አይሪሾች። የሰፈሩ አበሾች የራሳቸው ቡድን ነበራቸው፤ ማን አምበል ይሁን በሚል ጠብ ለሁለት፣ ሁለቱም እንደገና ለሁለት ተከፈሉና በመጨረሻ ከቡድኑ የተረፈው ማልያ ብቻ ሆነ። በዚያው ሰሞን ዲር ፓርክ በሚገኘው መጋዘን ከአባዬ ጋር ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻውን መኪና፣ የሚነዳ አንድ አይሪሽ "እሑድ ናና የእኛን ጨዋታ እይ" ብሎ ወሰደው። ጌሊክ ፉትቦል ይሉታል። ኳሱ በእጅም ይያዛል፣ በእግርም ይለጋል፤ ግቡ ከአግዳሚው በላይ የሚዘልቁ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች አሉት፤ መረብ ውስጥ የገባ ሦስት፣ በቋሚዎቹ መካከል ከአግዳሚው በላይ ያለፈ አንድ ነጥብ ነው። አባዬ የመጀመሪያ ቀን ሲመለስ "እነዚህ ሰዎች እግር ኳስና ድብድብ ተምታቶባቸዋል" ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ። በሳምንቱ ግን ጋሼ ዘውዱን ይዞ ሄደ፤ ክረምቱ ሳይወጣም የሰፈሩ ወንድ ግማሹ የምዕራቡ ቡድን ደጋፊ ሆኖ አረፈው።

የክርክሩ ነገር አይነሣ። የዋንጫው ፍጻሜ እኛ ሰፈር ካለው ሜዳ ይደረግ ወይስ በሰሜን በኩል ካለው የሚለው ብቻ ስንት እሑድ እንደፈጀ አላስታውስም። አባዬ የሰሜኑን ሜዳ አይወድም፤ "እዚያ እኮ ነፋሱ ነው የሚጫወተው" ይላል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ነፋሱ በየትኛው ቋሚ በኩል ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ ለማስረዳት የጋራዡን ወለል በጠመኔ ሞላውና እናቴ ስታጥብ ዋለች። ነገሩ ሁሉ ተንከባሎ የሚያበቃው ግን ዳኛው ላይ ነው። ጋሼ ዘውዱ አገር ቤት ሳሉ የፍርድ ቤት ተላላኪ ነበሩ፤ እዚህ ትምህርት ቤት እያጸዱም ቢሆን ዳኛ የሚባል ነገር ሲሰደብ አይወዱም። አባዬ ከሣጥኑ ብድግ ብሎ ዳኛ ማማት ሲጀምር "በሕግ አምላክ!" ይሉታል፤ አባዬም እንደተቀጣ ተማሪ ይቀመጣል። ሜዳ ላይ ግን ጋሼ ዘውዱ ርቀው፣ ከጥላቸው ሥር ስለሚቀመጡ አይደርሱበትም።

እንግዲህ ሚስተር ኬቨን ከግቡ አጠገብ የሚቆሙት ዳኛ ነበሩ። ነጭ ካፖርት ለብሰው ቋሚው ሥር ይቆማሉ፤ ኳሷ መረብ ከገባች አረንጓዴ፣ በላይ ካለፈች ነጭ ባንዲራ ያወዛውዛሉ፤ ከሳተች ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ያመሳቅላሉ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ ዝናብ ሆነ ፀሐይ ዝም ብለው ይመጣሉ። ዕረፍት ሲሆን ከኪሳቸው ብርቱካን አውጥተው በሴንጢ ይቆራርጡና ለልጆች ያድላሉ፤ እኔም ከግቡ ጀርባ የምጠፋው ለብርቱካኑ ስል ነበር እንጂ ለጨዋታው እንዳልነበር ዛሬ መደበቅ አልችልም። አይሪሾቹ በየሳምንቱ "ዕውር!" ብለው ይጮኹባቸዋል። እሳቸው ዞረው አያዩም።

ያን ዕለት ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ቡድናችን በአንድ ነጥብ ተበልጦ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ቀይ ጸጉር ልጅ ኳሷን ለጋት፤ ከቋሚዎቹም በላይ ከፍ ብላ ሄደች። ሚስተር ኬቨን እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ሰማይ እያዩ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ እጃቸውን አመሳቀሉ። ከእኛ ዘንድ ሲታይ ኳሷ መሀል ለመሀል ነው ያለፈችው። አይሪሾቹ እንደልማዳቸው "ዕውር!" አሉ። አባዬ ግን አጥሩን ዘሎ ከፊታቸው ቆመና በእንግሊዝኛ "ሌባ! አንተ ሌባ!" ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ወደ አማርኛው ተመልሶ እንደ አገር ቤት ስታዲየም በጭብጨባ "ሌባ! ሌባ!" ሲል ሁለት ሦስት ወዳጆቹም ከኋላ ተቀበሉት።

እሱ ባደገበት ስታዲየም ይህ ሰላምታ ማለት ነው። ሌባ ሳይባል ጨዋታ የጨረሰ ዳኛ የለም፤ ማታውን ከሰደበው ሰው ጋር አብሮ ታክሲ ይጋፋል። ሚስተር ኬቨን ይህን ከየት ያውቁታል? ዞሩ። ዕውር ሲባሉ ዞረው የማያውቁት ሰውዬ ዞሩ። የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈቱ፣ አጣጥፈው ቋሚው ሥር አስቀመጡት፣ ባንዲራዎቹን ከላዩ አደረጉ፣ ከዚያ ሸሚዛቸው በነፋስ እየተርገበገበ ወደ በሩ ሄዱ። የአባዬ የሥራ ባልደረባ መጥቶ "ሰውዬው እኮ በነፃ ነው የሚሠራው" አለው። እኔ የሰጡኝን ብርቱካን እንደያዝኩ ነበር።

በሳምንቱ አልመጡም። ከዚያ ወዲያ እንደማይመጡ ልከው ኖሯል። ማንም አበሾቹን አትምጡ አላለም፤ ቢሉን ይሻል ነበር። አባዬ ምግብ አልበላ አለ፣ በመጋዘኑም ሺፍቱን ለወጠ፣ ያንን ባልደረባውን ላለማየት። በእሑዱ ጋሼ ዘውዱ ጋራዡ ውስጥ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠው ፈረዱ።

"ድንጋይ ትሸከማለህ።"

"ጋሼ ዘውዱ፣ ይሄ እኮ አውስትራሊያ ነው፤ ፈረንጅ ድንጋይ ምኑ ነው? የሶሪ ካርድ ገዝቼ ልላክላቸው።"

"በካርድ ነው የሰደብካቸው?"

በአገራችን ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከተበደለው ደጅ ጎንበስ ብሎ ይቆማል፤ ተበዳዩ ይቅር ካለ ድንጋዩን በራሱ እጅ ያወርድለታል። ወጉ ደግ ነው፣ እኔ አላማሁትም። ግን በሰንሻይን ዌስት መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የክፍሌ ልጆች በሚኖሩበት ሰፈር!

ጋሼ ዘውዱ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ መኪናው ማዕዘኑ ላይ እንዲቆም አዘዙ፤ ድንጋይ በመኪና ደጅ ድረስ አይሄድም አሉ። አባዬ ነጠላውን ለብሶ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ጫነና አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ተያያዘው። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ሣር የሚያጭድ ሰውዬ ማሽኑን አጥፍቶ አየን። ሳይክል የያዙ ልጆች ተከተሉን፤ ከመካከላቸው አንዷ የክፍሌ ልጅ ናት፣ በስሜ ጠራችኝ። እኔ አባዬንና ጋሼ ዘውዱን እንደማላውቃቸው ሆኜ ቀድሜ ቀድሜ እሄዳለሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት አነጋገር ይመስለኝ ነበር።

ደወልኩ። የሚስተር ኬቨን ልጅ በሩን ከፈት አደረገች፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰውና ከዘራ የያዘ ሽማግሌ አየች፤ ጓ አድርጋ ዘጋችው። ከውስጥ "ፖሊስ" የሚል ቃል ተሰማኝ። በደብዳቤ ማስገቢያዋ ቀዳዳ አፌን አስጠግቼ በእንግሊዝኛ "ድንጋዩ ለይቅርታ ነው! ለመምታት አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። ከኋላዬ የሳይክል ልጆች ሳቅ ሲፈነዳ ዕንባዬ መጣ።

ሚስተር ኬቨን በካልሲያቸው ወጡ። ጋሼ ዘውዱ ረጅም ምርቃትና ምልጃ አወረዱ፤ እኔ ሁሉንም "በጣም ያዝናል" በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ተገላገልኩት። ወጉን ግን አስረዳሁ፤ ይቅር ካሉት ድንጋዩን ያወርዱታል አልኩ። ሽማግሌው እጃቸውን ሰደዱ። እጃቸው በአባዬ ጆሮ በኩል አለፈ፣ ትከሻውን ነካ፣ ነጠላውን ነካ፣ ከዚያ ድንጋዩን አገኘ። የእርጅና መሰለኝ። ሲያነሡት ወደ አባዬ ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ተናገሩት፤ እኔ አልሰማሁም። ድንጋዩን እግር መጥረጊያው ላይ አኖሩት። ጋሼ ዘውዱ "ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉ በያቸው" አሉኝ፤ ነገርኳቸው። "ኦኬ" አሉ። ጋሼ ዘውዱም ኦኬን እንደ ይቅር ለእግዚአብሔር ቆጥረው ተቀበሉና መረቁ። አባዬ ድንጋዩን አቅፎ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ የጋራዡን በር ደገፈበት።

ግን ሚስተር ኬቨን ወደ ሜዳ አልተመለሱም። ስለዚህ ሰው ሁሉ፣ አበሻውም አይሪሹም፣ ይቅርታው የአፍ ነው አለ። አባዬ "ዳኛ አባራሪው" ተባለ፤ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሳይቀር ይቀለድበት ነበር። እሱ ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። ወደ ሜዳውም ዳግመኛ አልሄደም፤ ወዳጆቹም ቀስ በቀስ ከጋራዡ ቀሩ። እኔን ትምህርት ቤት "ድንጋይ" ይሉኝ ጀመር። የወላጆች ቀን በመጣ ቁጥር አባዬ ሺፍት ላይ ሲሆን ተመስገን እል ነበር። ሳድግ ቀልዱን እኔም ለመድኩት፤ ለባሌ የነገርኩት እንደ ቀልድ ነው፤ ልጆቼም አያታቸው ሽማግሌ ሰድቦ ከሜዳ ያባረረ መሆኑን የሚያውቁት ከእኔ አፍ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ድንጋዩን እንዳቀፍኩ "ይሄንን እንጣለው አይደል?" አልኩት። "ሰውዬው እንደሆነ ይቅር አላለህም።"

አባዬ የመጨረሻው የወተት ሣጥን ላይ ተቀምጧል። "ማን አለሽ?" አለ።

"ተመልሰው አልመጡማ።"

"ኳሷን አላየኋትም ነው ያለኝ።"

"መቼ?"

"ድንጋዩን ሲያነሣልኝ፣ በጆሮዬ። ለልጁም አልነገራትም። እጁን አላየሽም? ድንጋዩን ያገኘው በዳበሳ እኮ ነው። ዓይኑ ሄዶ ነበር።"

ለምን ዝም አልክ አልኩት፤ ተቆጥቼ ነበር። የስንት ዓመት ሳቅ፣ የስንት ሠርግ ቀልድ፣ አንዲት ቃል ብትተነፍስ እኮ ይቀር ነበር።

ወለሉን እያየ "ብተነፍስ ይሄ ጋራዥ ዝም የሚል መሰለሽ?" አለ። "ያኔ የሰጠውንም የከለከለውንም ነጥብ ሁሉ እንደ አዲስ ይጨቃጨቁበት ነበር። የትኛው ዋንጫ ሳይጠረጠር ይተርፋል? ሰውዬው ዕድሜ ልኩን እዚያ ቋሚ ሥር የቆመ ነው። ዓይኑ ጠፍቶ በግምት ሲዳኝ ኖረ ከሚባል፣ አበሻው ሰድቦት ተወው ቢባል ምናለበት? መስደቡንስ ሰድቤዋለሁ።"

ከዚያ ተነሣና የፎርክሊፍት ጓንቶቹን ማጠፍ ጀመረ። ጋሼ ዘውዱ ይህን ሳይሰሙ ሞቱ፤ ዳኛን በማክበር ከማንም የበለጠውን ሰው በሕግ አምላክ እያሉ ሲያስቀምጡት እንደኖሩ ሳያውቁ። ሚስተር ኬቨንም ካለፉ ቆዩ። ሜዳው ቤት ተሠርቶበታል። ያ በጠመኔ የተሣለው ነፋስ ከሲሚንቶው ከጠፋ ስንት ጊዜው፤ የሚከራከርበት ሰውም የለም። ልጆቼ አያታቸውን እንደ ቀልድ ነው የሚያውቁት፤ ያንን ቀልድ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

"መኪናው ውስጥ አድርጊው" አለኝ አባዬ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ። "የሚደግፈው በር አይጠፋም እዚያም።"

ድንጋዩን ይዤ ወጣሁ። አባዬ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ቆምኩና ከፍ አደረግኩት፤ ማጅራቴ ላይ አድርጌው ተመልሼ በሩ ላይ ጎንበስ ልል፣ እስኪያወርድልኝ ልቆም። ድንጋዩ ትከሻዬን ነክቷል። ያን ጊዜ የጎረቤት በር ተከፈተና አንዲት ሴትዮ ከውሻዋ ጋር ወጣች፤ እጇን አውለበለበችልኝ።

አፈርኩ። ድንጋዩን ወደ እቅፌ መለስኩና መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩት።