የእትዬ ጤናዬ መስመር

ያን ጊዜ ነፋሱ ከስኳር ፋብሪካው ወደ ሰፈራችን ሲዞር የሞላሰስ ሽታ ሳያንኳኳ ይገባ ነበር። ወጡ ላይ፣ የታጠበው ልብስ ላይ፣ የልጆች ደብተር ላይ ሁሉ አለ። ወንጂ አጠገብ፣ አዋሽ ዳር ያደግን ሰዎች ዛሬም የተቃጠለ ስኳር በሸተተን ቁጥር የሚታወሱን ኦቦ ጆቴ ናቸው።

ኦቦ ጆቴ የፋብሪካው መካኒክ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ተልከው፣ ኤልበ በሚባል ወንዝ ዳር ክላይንፉርት በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ዓመት ከርመው መጡ። ጓደኞቻቸው ሬዲዮና ብስክሌት ይዘው ሲመለሱ፣ እሳቸው ያመጡት ባለ ሦስት ቁልፍ ግራጫ ኮትና የከተማዋን ታሪክ ነው። ኮቱን የሚለብሱት በበዓል ነበር፤ ታሪኩን ግን በየቀኑ።

ከተማዋን ማን እንደቆረቆራት፣ ድልድይዋ እንዴት እንደተቃጠለ፣ ዳቦ ጋጋሪዎቿና ዓሣ አጥማጆቿ በምን እንደተጣሉ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ሰምተናል። የጎረቤታችን የኑሬ ልጅ የአዋሽን ገባር ወንዞች ዘርዝር ተብሎ ሲፈተን ኤልበን ሁለተኛ አድርጎ ጻፈ። መምህሩ ቢያርሙት ኑሬ ራሱ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ፣ "አንተ ከኦቦ ጆቴ ትበልጣለህ?" ብሎ ተከራከረ።

ከታሪኩ ሁሉ ግን አንዱን አብዝተው ይወዱት ነበር። በክላይንፉርት ማዘጋጃ ቤት የድንጋይ ግድግዳ ላይ፣ ወንዙ በሞላ ቁጥር ውሃው የደረሰበት ከፍታ በመስመር ይቀረጻል፤ አጠገቡም ዓመቱ ይጻፋል። "ሕዝብ ማለት ይህ ነው!" ይሉ ነበር፤ "የጠላቱን ቁመት ለክቶ ያስቀምጣል።"

አዋሽ ሞልቶ ሰፈራችን የገባ ዕለት ማለዳ፣ ከሁሉ ቀድመው "ውሃ! ተነሡ!" ብለው የጮኹት የኦቦ ጆቴ ባለቤት እትዬ ጤናዬ ናቸው። ሰው ልጁን ታቅፎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ከፍታው ሲሮጥ ኦቦ ጆቴ ኮታቸውን ለበሱ። እሱን ለማዳን ሌላ መንገድ አልታያቸውም። ከዚያ መሮና መዶሻ ይዘው ወደ ዕድሩ አዳራሽ ወረዱ። እትዬ ጤናዬም ባላቸውን ጥለው አይሄዱ ነገር፣ እየተራገሙ ተከተሏቸው።

"አንተ ሰው፣ ውሃው ብብቴ ደረሰ እኮ! ቶሎ ጨርስ!"

"መዶሻውን አቀብይኝ። ሳይሸሽ መያዝ አለበት።"

"ከያዝከው ወዲያ ልታስረው ነው?"

ውሃው ከኮታቸው ሁለተኛ ቁልፍ ላይ ነበር። መስመሩን እዚያው፣ በአዳራሹ የውጭ ግድግዳ ላይ ቀረጹት።

መጀመሪያ ተሳቀባቸው። እያደር ግን ቤት የሚሠራ ሁሉ መሠረት ከማውጣቱ በፊት ያን መስመር በገመድ ይለካ ጀመር፤ ጎተራ የሚያቆምም ከዚያ በላይ አቆመ። ወንዙ በሌላ ክረምት ሲሞላ ሁለተኛ መስመር ታከለ። መስመሩ መጀመሪያ በጮኸው ሰው ስም መጠራቱም ልማድ ሆነ፤ ታችኛው የፎዚያ መስመር፣ ላይኛው የእትዬ ጤናዬ። እትዬ ጤናዬ ካረፉ ወዲህ ኦቦ ጆቴ በአዳራሹ በኩል ሳያልፉ አይውሉም። መስመሩን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ አቧራውን ጠርገው ይሄዳሉ። "ፎቶ የለዎትም እንዴ?" ስንላቸው፣ "ፎቶው ላይ ዝም ብላለች፤ እዚህ ግን ትጮሃለች" ይሉናል።

ዘንድሮ የክላይንፉርት የታሪክ ማኅበር ሰዎች ሊጎበኙን እንደሚመጡ ተሰማ። የኦቦ ጆቴ የልጅ ልጅ ገላኔ የግድግዳውን ፎቶ በስልክ ልካላቸው ኖሮ፣ መስመሮቹን በዓይናችን እንይ ብለው ነው። ወዲያው የእንግዳ አቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ለሚ፣ ሙሉ ልብስ የሚያዘወትር ወጣት፣ የእንግዳን ወግ ጠንቅቆ ያውቃል። የዛፉ ግንድ ኖራ ተቀባ፤ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ተቀባ፤ ፍየሎቻችን ሁሩታ ዘመድ ጥየቃ ተላኩ። በዋዜማው፣ ኦቦ ጆቴ ጸጉራቸውን ሊስተካከሉና ኮታቸውን ሊያስተኩሱ አዳማ በሄዱበት፣ ግንበኛ መጥቶ የአዳራሹን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰነው። ማታውን ሰማያዊ ቀለም ጠጣ።

በነጋታው ጧት ኦቦ ጆቴ ኮታቸውን ለብሰው ከባጃጅ ወረዱና ግድግዳው ፊት ቆሙ። አውራ ጣታቸው ወዲያ ወዲህ ብላ ፈለገች፤ ሰማያዊ ሆና ተመለሰች።

"ልጄ፣ እዚህ የነበረው የት ሄደ?"

"ደፈንነው ኦቦ ጆቴ! ጠባሳ በጠባሳ ነበር እኮ። እንግዳ እንዲህ ያለ ግድግዳ ያያል እንዴ?"

"እንግዳው የሚመጣው እሱን ሊያይ ነው።"

"አይጨነቁ፣ ወንዙን ባነር ላይ አሳትመነዋል።"

እርግጥ ባነሩ ላይ ወንዝ ነበር። ከጀርባው በረዶ የለበሰ ተራራ ነበረ እንጂ።

እንግዶቹ ገብተው አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ፤ ቤታቸው ደርሰው ፌስታል አንጠልጥለው የተመለሱት ኦቦ ጆቴም ሊተረጉሙ አጠገባቸው ተቀመጡ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ኢንገ፣ ጸጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሴት፣ ሲገቡ የውጭውን ግድግዳ በዓይናቸው አስሰው ነበርና ጠየቁ። ኦቦ ጆቴ ተረጎሙ፦ "መስመሮቹ የት አሉ ይላሉ።"

አቶ ለሚ ፈገግ አለ። "ይንገሯቸው፤ እዚህ ጎርፍ የሚባል ነገር የለም። በቁጥጥር ሥር ውሏል።"

ኦቦ ጆቴ አውራ ጣታቸውን አዩ፤ ገና ሰማያዊ ናት። የውሃ ኮዳ ስትከፍት የነበረችው አስተናጋጅ እንኳ እጇን ያዝ አደረገች። እንደተባሉት ተርጉመው፣ ጎርፍ አልነበረም ብለው ሚስታቸውን ሊክዱ ነው ወይስ እውነቱን ሊናገሩ? ከዚያ በጀርመንኛ ጀመሩ። የአቶ ለሚ ንግግር ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ትርጉሙ ግን ሄደ፣ ሄደ፣ አላባራም። ከመካከሉ እኛ የያዝነው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ጤናዬ። ወይዘሮ ኢንገ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ምን አሏቸው?" አለ አቶ ለሚ።

"ያልከኝን፣ ከነምክንያቱ።"

"ጤናዬ በጀርመንኛ ምን ማለት ነው?"

ከኋላ ወንበር እትዬ አማረች፣ የእትዬ ጤናዬ ጎረቤት የነበሩት፣ ቀድመው መለሱለት፦ "በቁጥጥር ሥር ዋለ ማለት ነው፣ ልጄ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ለሚም የሳቁ ምክንያት ሳይገባው አብሮ ሳቀ፤ አጨበጨበና ማይክሮፎኑን አነሣ። "ክቡራንና ክቡራት እንግዶቻችን..." አለና ይተረጎምለት ዘንድ ወደ ኦቦ ጆቴ ዞረ።

ኦቦ ጆቴ ቆመዋል። ከወንበራቸው ሥር ፌስታላቸውን ሲያነሡ መሮና መዶሻው ቅጭል አሉ። ሌላኛው እጃቸው ኮታቸው ላይ፣ ሁለተኛው ቁልፍ ላይ አርፏል። ጣታቸውን ከዚያ ሳያነሡ፣ ማንንም ሳይሰናበቱ፣ በወንበሮቹ መካከል አልፈው ወደ ውጭው ግድግዳ ወጡ።