«ኦክስጅን ላይ ናቸው»

ጦር ኃይሎች ታክሲ ስሳፈር የበሩ ብረት አናቴን መታኝ። ደም አልወጣኝም። ወያላው «አይዞህ ፋዘር» ብሎ በሩን ዘጋው፤ እኔም ሰው ስላየኝ አፍሬ ቁጭ አልኩ። ይህ ከሆነ ሰባት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ብርሃን ያመኛል፣ ድምፅ ያመኛል፣ የማውቀው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ይጠፋል። ሃያ ምናምን ዓመት ያስተማርኩ ሰው የልጆች ጫጫታ መቋቋም አቅቶኝ የሕመም ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ምርመራው ላይ ምንም አልታየም፤ ጭንቅላትዎ ስለተናወጠ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል አሉኝ ሐኪሞቹ።

በእኛ ሰፈር የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። እግሩ የተሰበረ ሰው ጀሶው እስኪፈታለት ድረስ ብርቱካን ሲጎርፍለት ይከርማል። እኔ ግን ጀሶም ፋሻም የለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት መጡ፣ ፊቴን አዩና «ደህና ነህ እኮ!» አሉ፤ በዚያው ቀሩ። አልተቀየምኳቸውም ብል ውሸት ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። መጋረጃውን ዘግቼ ስቀመጥ አንድ ሰው «አመመህ?» ቢለኝ ብዬ እመኝ ነበር። ሌላ ነገር አላማረኝም።

ቤቴል ያለች አንዲት ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ኦክስጅን እንሞክር አለኝ። «ይረዳዎታል ብዬ አልምልልዎትም። ተሻለኝ የሚል አለ፤ ነገሩ ግን ገና ያከራክራል።» አለመዋሸቱን ወደድኩለትና ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ጭምብሉን አድርጌ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ። ራስ ምታቴ መቀነሱን እንጃ፣ ሰዓቷን ግን እናፍቃት ነበር፤ ነርሷ በየመሀሉ መጥታ ጭምብሉን ታስተካክልልኛለች። በቀን ውስጥ የሚነካኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ጭምብሉን እንዳደረግኩ ስልኬ ጠራ። ነርሷ አነሳችልኝ። «አሁን ኦክስጅን ላይ ናቸው፤ ማናገር አይችሉም» ብላ ዘጋችው።

የደወሉት አሮጊቷ ጎረቤቴ ነበሩ፤ የቤቴ ትርፍ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው የሚቀመጠው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ኦክስጅን ላይ ነው ከተባለ ቀጥሎ የሚጠበቀው የእድር ድንኳን ነው።

ከክሊኒኩ ወጥቼ፣ ዳቦ ገዝቼ ቤቴ ስደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሳሎኔ ተጠርጓል፤ ሶፋዬ መኝታ ቤት ገብቶ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ለለቅሶዬ መሆኑ ነው። ሴቶቹ ሲያዩኝ ጮሁ። ጎረቤቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ።

«የት እንደተኛህ እንኳ ሳናውቅ! ዘነበወርቅ ሆስፒታል ድረስ ሰው ልከናል እኮ!»

ኦክስጅኑ ለራስ ምታቴ እንደሆነ፣ ተራምጄ ሄጄ ተራምጄ እንደምመለስ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ሻይ ተፈላ፣ ዳቦዬ ተቆረሰ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል፣ መጋረጃው ተገልጦ ፀሐይ ፊቴ ላይ ነው። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ግን ደስ ብሎኛል፤ ሰባት ወር ሙሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሳላስበው ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጎረቤቴ አዩኝ። ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ «አመመህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

አዎ ብላቸው ሰዉን ሁሉ «ይረፍ» ብለው ያስወጡብኛል ብዬ ፈራሁ።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እማማ። ድኛለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ድኗል! በሉ እንነሳ፤ ሁላችንም ቤታችንን ጥለን ነው የመጣነው።»

አንድ በአንድ ጉንጬን እየሳሙ ወጡ። ወንዶቹ አግዳሚዎቹን ተሸክመው ሄዱ፤ ሶፋውን መመለስ ግን ማንም አላስታወሰም። የተረፈውን ሻይ ባዶ ሳሎን መሀል ቆሜ ጠጣሁት።